ታንዳዚሌና የጠፋው ሃይድሮጂን

ታንዳዚሌ ንዱሊ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ለመግነጢሱ ቱቦ ለማጉረስ መሰላል መውጣት ነበረባት። መግነጢሱ ደርባን ላይ፣ ባሕሩን ከሩቅ በሚያየው ኮረብታ ካለው ዩኒቨርሲቲ፣ በኬሚስትሪው ሕንፃ ምድር ቤት የቆመ፣ ከሰው የሚረዝም፣ ነጭ ጋን የመሰለ ነገር ነው። እሷ እርሳስ የምታህል የብርጭቆ ቱቦ በአናቱ ትለቅበታለች፤ እሱ ደግሞ ቱቦዋ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን እያንዳንዱ የት እንደተቀመጠና ጎረቤቱ ማን እንደሆነ በኮምፒውተሩ ላይ መስመር እያቆመ ይነግራታል። አንዱ ሃይድሮጂን በስተቀኝ፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ በስተግራ ጥግ። ታንዳዚሌ በሁለት ዓመት ውስጥ እነዚያን መስመሮች እንደ ሰፈሯ ሰዎች ለይታ አውቃቸው ነበር።

የምታጠናው ነገር ጨው ነው፤ ግን ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ዓይነት አይደለም። ይኸኛው ውሃ ሳይገባው፣ እሳትም ሳያየው፣ እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ እንደ ማር ይፈሳል። ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው ወገን ትልቅና ቅርፁ የተንሻፈፈ ስለሆነ ከትንሹ ጓደኛው ጋር ተደርድሮ መጠንከር አይሆንለትም፤ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ትልቁ ነገር ደግሞ ውሃ የማይደፍረውን የሸንኮራ አገዳ ገለባ ማሟሟቱ ነው። በሰሜኑ ጠረፍ ያሉት የስኳር ፋብሪካዎች አገዳውን ከጨመቁ በኋላ የሚተርፈውን ገለባ ባጋስ ይሉታል፤ ቦይለር ውስጥ ይማግዱታል። ባጋሱን አሟሙቶ ክር ማውጣት ይቻላል፣ ሌላም ብዙ ነገር ይቻላል፣ ብቻ ጨው ገለባውን እንዴት አድርጎ እንደሚይዘውና ምን ያህሉን እንዳሟሟው በቅጡ ማወቅ ያስፈልጋል። የታንዳዚሌ የዶክትሬት ጥናት ይኸው ነበር።

አባቷ ባባ ምቦንጌኒ ንዱሊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስኳር ፋብሪካ ቦይለር ቤት ባጋስ ሲማግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው የምትሠራውን ያስረዳቻቸው ቀን ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ «እኔ በዚያ ገለባ እሳት አስተማርኩሽ፤ አንቺ ደግሞ ገለባውን በጨው ልትጨርሺብኝ ነው» አሏት። እናቷ ማሲቶሌ ሦስት ቀን ሙሉ እየደጋገሙ ሳቁበት።

ችግሩ ጥናቱ አልሄድ ማለቱ ነበር። አንድ ዓመት ተኩል ለካች፣ አንድ ዓመት ተኩል መዘገበች፤ የሚነገር ነገር ግን አልወጣም። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ማሪየታ ስቴይን ቀጭን፣ ለነገር ሁሉ ጥንቁቅ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሴት ናቸው። አይቆጡም፤ ዝም ነው የሚሉት። ተማሪዎቹ ሁሉ ቁጣቸው ይሻለን ነበር ይላሉ። በዚያ ሰሞን ታንዳዚሌን ጠርተው፣ ፒተርማሪትዝበርግ ላይ የኬሚስቶች ጉባኤ ሊደረግ አምስት ሳምንት እንደቀረው ነገሯት። እስከዚያ የሚቀርብ ነገር ከተገኘ ትቀጥላለች፤ ካልተገኘ ሌላ ርዕስ ይፈለግላታል። ክፉ ብለው አይደለም፤ ጊዜዋ እንዳያልቅ አስበው ነው። ታንዳዚሌን ይበልጥ ያስከፋት ይህን ማወቋ ነው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ሁለት ቱቦ አዘጋጀች። በመጀመሪያው ውስጥ ጨውዋን ብቻ፣ በሁለተኛው ደግሞ ጨውዋን ከሟሟ ባጋስ ጋር አደረገች። በሁለቱም ላይ ጥቂት ከባድ ውሃ ጠብ አደረገችባቸው። ከባድ ውሃ ለዓይን ውሃ ነው፤ ሃይድሮጂኑ ግን ከተራው ሃይድሮጂን ሁለት እጥፍ የሚመዝን ከባዱ ዓይነት ነው፤ መሣሪያው እንዳይንሸራተት መያዣ ይሆነዋል። እያንዳንዳቸውን ለሙከራ አንድ ጊዜ አየቻቸው፤ መስመሮቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ዋናውን ረጅሙን ልኬት ልትጀምር ስትል መብራት ጠፋ።

መብራት በፈረቃ መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ተራው የማን እንደሆነ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ያያል። ያን ዕለት ግን ተራው የእነሱ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ያለ ገመድ ነው የተቃጠለው። የሕንፃው ጄኔሬተርም አልነሳም አለ። መግነጢሱ በቅዝቃዜው ውስጥ ኃይሉን እንደያዘ ይቆያል፤ ኮምፒውተሩና የቀረው ዕቃ ግን ሞተ። ታንዳዚሌ ቱቦዎቹን መደርደሪያ ላይ አቁማ ወደ ቤቷ ሄደች። መብራቱ የመጣው እሑድ ነው።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ቱቦ ብትከት፣ በስተግራ ጥግ ለብቻው የሚቆመው መስመር የለም።

መጀመሪያ ዓይኗን ጠረጠረች፣ ቀጥሎ መሣሪያውን፣ ቀጥሎ ራሷን። ያ መስመር በትልቁ ወገን ቀለበት ላይ፣ በሁለት ናይትሮጂኖች መካከል የሚቆመው ሃይድሮጂን ነው። የቀሩት ሁሉ እንዳሉ አሉ፤ እሱ ብቻ ከመሐላቸው ወጥቶ ሄዷል። አዲስ ጨው ቀድታ ሌላ ቱቦ ሠራች፤ መስመሩ አለ። አሮጌውን መልሳ ከተተች፤ የለም። ሁለተኛውንም ቱቦ፣ ባጋስ ያለበትን፣ ልብ ሳትለው ለክታ ደብተሯ ላይ አንዲት ቃል ጫረችና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

ከጎኗ የሚሠራው ክዋኔሌ የሚባል ተማሪ አንገቱን አስግጎ ኮምፒውተሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሲሲ፣ እህቴ፣ ይኼ የቶኮሎሼ ሥራ ነው» አላት። «ሰው አልጋውን ለምን ጡብ ላይ የሚያቆም ይመስልሻል? ያ ሌሊት የሚዞር ድንክዬ መንፈስ እንዳይደርስበት ነው። አንቺ ቱቦሽን ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ትተሽ ትሄጃለሽ፣ እሱም ሃይድሮጂንሽን ይዞ ይሄዳል።»

«አንተን ይዞህ በሄደ» አለችው፤ ግን ሳቀች።

ፕሮፌሰር ስቴይን ወረቀቱን አይተው ቱቦ ተደባልቆብሽ ይሆናል አሏት። አልተደባለቀም አለች። ወረቀቱን መለሱላት።

በማግስቱ ታንዳዚሌ ነገሩን ከሥሩ ልታየው ወሰነች። ጠዋት አዲስ ቱቦ ሠርታ ከባድ ውሃውን ጠብ አድርጋ መግነጢሱ ውስጥ ለቀቀችውና ከዚያ አልተነሳችም። በየግማሽ ሰዓቱ ለካች። መስመሩ በመጀመሪያ ሙሉ ነበር፤ ለምሳ ሰዓት ሲቃረብ አጠረ፤ ከሰዓት በኋላ የትንሽ ጣት ያህል ሆነ። የቀሩት መስመሮች ንቅንቅ አላሉም። ማንም አልነካውም፣ ማንም አልደባለቀውም፤ ዓይኗ እያየ ነው የሚሄደው።

መሣሪያውን የሚጠብቁት አቶ ዳያናንድ ሙድሊ፣ ሕንፃው ሁሉ አጎት ዳያ የሚላቸው፣ ሻያቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። አጎት ዳያ ዲግሪ የላቸውም። በልጅነታቸው ቻትስወርዝ ውስጥ በአባታቸው ሱቅ ራዲዮ ሲጠግኑ አድገው፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው በጥገና ሠራተኛነት ገብተው፣ ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመታቸው። የመግነጢሱን ጠባይ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። መስመሩ ሲያጥር ቁጭ ብለው አዩ፤ ሳምቡሳም አቀበሏት።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ተራው ሃይድሮጂን ወጥቶ ከባዱ ቢተካበት፣ ይኼ መሣሪያ ያየዋል?»

«አያየውም። ራዲዮ እኮ ነው። አሁን የያዝነው ተራው ሃይድሮጂን የሚያወራበትን ጣቢያ ነው፤ ከባዱ በሌላ ጣቢያ ነው የሚያወራ።»

ሁለቱም ተያዩ። ሻዩ ተቀመጠ። አጎት ዳያ ኮታቸውን አውልቀው፣ ገመድ ፈትተው ገመድ ሰክተው፣ መያዣውን አጥፍተው፣ መሣሪያውን ወደ ከባዱ ሃይድሮጂን ጣቢያ አዞሩት። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ታንዳዚሌ በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ተቀምጣ አራት ጊዜ ተነሳች። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ፣ በስተግራ ጥግ፣ መስመሩ በጠፋበት በዚያው ቦታ፣ መስመር ብቅ አለ። ሃይድሮጂኑ ከጨው ወጥቶ ወደ ውሃው ገብቷል፤ ከውሃው የመጣው ከባድ ወንድሙ ቦታውን ይዟል። ያን ጊዜ ሁሉ እዚያው ነበር፤ እነሱ ናቸው ያልሰሙት።

አጎት ዳያ በተሰበረ ድምፃቸው የድሮ የሠርግ ዘፈን ጀመሩ። ታንዳዚሌ በእግሯ ምት መታችላቸው።

ሊፍቱ ስለማይሠራ አራት ፎቅ በሩጫ ወጥታ ለፕሮፌሰሯ ሁሉንም ነገረቻቸው። ፕሮፌሰር ስቴይን እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ ያረጀ መጽሐፍ አውርደው፣ ገጹን ገልጠው ፊቷ አስቀመጡላት። ነገሩ ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ቀለበቱ ላይ ያለው ያ ሃይድሮጂን ልቅ ነው፤ ከባድ ውሃ ካገኘ ቦታውን ይለቃል፤ ይህ ከታወቀ እሷ ሳትወለድ ነው። «ጥሩ ዓይን አለሽ» አሏት። «ንባብ ግን ይቀርሻል።»

ታንዳዚሌ አመስግና ወጣች። ቁልቁል ወርዳ ታክሲ ያዘች። መጨረሻ ወንበር ላይ፣ የጎመን ከረጢት ታቅፈው ከተቀመጡ ሁለት ሴቶች መካከል ተጠቅጥቃ፣ እፍረቱ አንገቷ ድረስ ጋላት። አዲስ ነገር አገኘሁ ብላ አራት ፎቅ መሮጧ፣ አጎት ዳያን ማስዘፈኗ። ስታስበው ደግሞ ሳቋ መጣ፤ አንደኛዋ ሴት ዞር ብላ አየቻት። ለማስመሰል ደብተሯን አውጥታ ማገላበጥ ያዘች። የሰኞው ገጽ ላይ፣ በሁለተኛው ቱቦ ትይዩ፣ በራሷ እጅ «ግማሽ» የሚል ተጽፏል።

ግማሽ። ባጋስ ባለበት ቱቦ ውስጥ መስመሩ አልጠፋም ነበር፤ ግማሹ ቀርቷል። ሁለቱም ዓርብ በአንድ ሰዓት ነው የተሠሩት፤ ከባድ ውሃውም እኩል ነው፤ ያደሩትም አንድ መደርደሪያ ላይ ነው። ታዲያ ባጋስ ያለበት ለምን ዘገየ?

«ወራጅ አለ» አለች።

ሹፌሩ ገና ገበያው አልደረስንም አላት። አቁም አቁም ብላ ጎመኑን ተሻግራ ወረደችና ዳገቱን በእግሯ ተመለሰች። እየወጣች ሳለ ነገሩ ቁልጭ አለላት። ሃይድሮጂኑን ከቀለበቱ ጎትቶ የሚያስለቅቀው ያ ትንሹ ወገን፣ የጨው ሁለተኛው አካል ነው። ገለባውን ይዞ የሚያሟሟውም ያው ትንሹ ወገን ነው። ገለባ በሌለበት እጁ ባዶ ስለሆነ ሃይድሮጂን ሲያፈናቅል ይውላል። ገለባ ካለ ግን እጁ ሥራ ይይዛል። ገለባው በበዛ ቁጥር እጁ ይበልጥ ይያዛል፤ መስመሩም ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው። እንዲህ ከሆነ ቱቦውን ሳይከፍቱ፣ ሳያደርቁና ሳይመዝኑ፣ መስመሩ ለመጥፋት የፈጀበትን ሰዓት አይቶ ብቻ ምን ያህል ባጋስ እንደሟሟ ማወቅ ይቻላል።

በዚህ ጊዜ አልሮጠችም። ሁለት ቀን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ገብታ አነበበች። ይኼኛው የትም አልተጻፈም።

ለፈተናው ከአንድ ክምር የተወሰደ፣ አንድ ዓይነት ባጋስ አስፈለጋት። አባቷ ጋ ደወለች፤ እፍኝ ትበቃኛለች አለች። ቅዳሜ ጠዋት የግቢው ዘበኛ ስልክ ደውሎ፣ እዚህ በር ላይ አንድ አባት ጆንያ ይዘው ቆመዋል፣ የላብራቶሪ ዕቃ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ወርዳ ብታይ ባባ ንዱሊ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ደረታቸው የሚደርስ ጆንያ አቅፈው ቆመዋል። ኮታቸው ላይ ገለባ፣ ጢማቸው ላይ ገለባ።

«ባባ፣ እፍኝ ነበር እኮ ያልኩዎት።»

«የማን እፍኝ እንደሆነ አልነገርሽኝም» አሉ አባትየው። «ታክሲው ውስጥ ለጆንያው ወንበር ያዝኩለት። አንዷ ሴትዮ ይኼ ምንድን ነው ብትለኝ፣ ልጄ ለዶክትሬት የምትፈልገው ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ ጆንያውን በአክብሮት ነው ያየችው።»

አጎት ዳያ፣ ብረት ወደ መግነጢሱ አይቀርብም ብለው፣ የእንግዳውን ቀበቶ፣ ቁልፍና ሰዓት አስወልቀው አስገቧቸው። ባባ ንዱሊ ሱሪያቸውን በአንድ እጅ ይዘው ጋኑን ዞሩት። ሆዱ ውስጥ ስንት ዲግሪ ነው ብለው ጠየቁ። ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ነው ተባሉ። ቆም ብለው አሰቡት። እሳቸው ሙቀቱ እንደ ጅራፍ ከሚገርፍ ምድጃ ፊት ነው የኖሩት።

«እንግዲህ እኔ በወዲያ ጫፍ፣ አንተ በወዲህ ጫፍ» አሉ ለአጎት ዳያ። «መሐሉ ላይ ያሉት ናቸው የተመቻቸው።» ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወዳጅ ሆኑ፤ ታንዳዚሌ የምትፈልጋትን እፍኝ ወስዳ ስትሄድ ስለ ቫልቭ እያወሩ ነበር።

አምስት ቱቦ ሠራች። በአንደኛው ምንም ባጋስ የለም፤ በሁለተኛው ጥቂት፣ እያለ አምስተኛው ላይ ጨው የሚችለውን ያህል። አሥር ቀን ፈጀባት። የመጀመሪያው መስመር እንደለመደው በቶሎ ሄደ። ሁለተኛው ዘገየ። ሦስተኛው ይበልጥ ዘገየ። አምስቱን ነጥቦች ወረቀት ላይ ስታስቀምጣቸው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ተሰለፉ። ያንን ሙከራ ደገመችው፤ እንደገና ተሰለፉ። ክዋኔሌ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየውና ስለ ቶኮሎሼ ምንም አላለም። እጇን ጨበጣት።

ፕሮፌሰር ስቴይን በእርሳሳቸው እያንዳንዱን ነጥብ ነኩት። ስንት ጊዜ ደገምሽው፣ ሙቀቱ ስንት ነበር፣ ከባድ ውሃውን በምን ለካሽ፣ ብለው ጠየቁ። ሁሉንም መለሰች። ከዚያ እርሳሱን መልሰው ጆሯቸው ላይ ሰኩት።

«መጽሐፉን የሰጠሁሽ ቀን» አሉ በመጨረሻ፣ «ሁለተኛውን ቱቦ እኔም አልጠየቅኩሽም። መጠየቅ ነበረብኝ። ጉባኤው ላይ አንቺ ነሽ የምትናገሪው፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ አዳምጣለሁ።»

ፒተርማሪትዝበርግ የሄዱት በዩኒቨርሲቲው ሚኒባስ ነው። አጎት ዳያ መግነጢሱን ለአንድ ቀን ለረዳታቸው ትተው መጡ፤ ክዋኔሌም አብሯቸው ነበር። ባባ ንዱሊና ማሲቶሌ ሳይጠሩ መጡ፤ ማንም ደግሞ አትምጡ ለማለት አልደፈረም። አዳራሹ ውስጥ መቶ ሃያ ሰው ያህል አለ። ታንዳዚሌ መናገሪያው ጠረጴዛ ረጅም ስለሆነባት ከጎኑ ወጥታ ቆመችና የጠፋውን መስመር አሳየች። የደረሰባትን እንዳለ ነገረቻቸው፤ መብራቱን፣ አራት ፎቅ መሮጧን፣ የመጽሐፉንም ነገር አልደበቀችም። ሰው ሳቀ። አምስቱን ነጥቦች ስታሳይ ግን ሳቁ ቆመ፤ ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ብዕር አወጡ።

ስትጨርስ ማሲቶሌ ከኋላ ተነሥተው እልልታቸውን ለቀቁት። ኬሚስቶቹ ደንግጠው ዞሩ። ከሦስተኛው ረድፍ ደግሞ መነጽር ያደረጉ አንዲት የኬፕ ታውን ፕሮፌሰር ደብተራቸውን አስቀምጠው እልልታውን ተቀበሏቸው፤ ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ።

የጥያቄው ሰዓት ሲደርስ ሦስት ሰው ጠየቀ፤ ሦስቱንም መለሰች። ቀጥሎ ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ። ባባ ንዱሊ ናቸው። መድረኩን የሚመሩት ሰውዬ እንደ ሥርዓቱ ከየትኛው ተቋም እንደሆኑ ጠየቋቸው።

«ከቦይለር ቤት» አሉ ባባ ንዱሊ።

በዙሉ ቋንቋ ነው የጠየቁት፤ ታንዳዚሌ ለቀሩት ተረጎመችላቸው። ከፋብሪካው እንደወጣ የሚማገደው ባጋስና ሜዳ ላይ ተከምሮ ዝናብ ሲመታው የከረመው ባጋስ እሳቱ አንድ አይደለም፤ የከረመው ጭሱ ይለያል፣ አመዱም ይለያል። እንግዲህ እሳት ከለየው ጨው አይለየውም ወይ? ልጄ የለካችው ትኩሱን ነው፤ ያንን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። በዓለም ላይ በብዛት ያለው ግን የከረመው ነው።

ታንዳዚሌ አባቷን አየቻቸው። በዚያ ዓመት ተኩል ውስጥ አንድም ሰው ይህን አልጠየቃትም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

«አላውቅም፣ ባባ» አለች። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። አላውቅም።»

ፕሮፌሰር ስቴይን ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አውጥተው ጻፉት። ኋላ ላይ በወጣው ጥናት መጨረሻ፣ ከሚመሰገኑት ሰዎች ስም መካከል የአቶ ምቦንጌኒ ንዱሊም ስም አለ፤ ሁለተኛው ጥናት በሙሉ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነውና።

ምሳውን ሣሩ ላይ በሉ። ማሲቶሌ ዶሮና በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ ይዘው መጥተው ነበር። ከፊት ተቀምጠው ብዕር ካወጡት አንደኛው መጥቶ ልኬቶቿን እንድትልክለት ታንዳዚሌን ለመናት፤ እሱም ዶሮ ተሰጠው። ፕሮፌሰር ስቴይን ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ የከረመው ክምር ከውስጥ ምን ያህል እንደሚሞቅ ባባ ንዱሊን ይጠይቁ ነበር። ክንድን እስከ ክርን ቢከቱት እንደሚያቃጥል ነገሯቸው፤ ያንንም ጻፉት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደርባን ሲመለሱ ጉም ኮረብታውን ሸፍኖት ነበር። አጎት ዳያ ከፊት ወንበር ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኙ። ክዋኔሌ ዘፈን አነሣ፤ ማሲቶሌ ከአፉ ነጥቀው መሪ ሆኑ፤ ታንዳዚሌ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ሁለተኛውን ድምፅ ያዘች። ፕሮፌሰር ስቴይንም ማጨብጨብ ጀመሩ። ጭብጨባቸው ሁልጊዜ ከምቱ ትንሽ ይቀድም ነበር፤ እስከ ባሕሩ ድረስ እንዲሁ ወረዱ፤ ማንም አላረማቸውም።